ከደጀን የኖራ ድንጋይ እስከ ቀይ ባሕር ኮራል፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም በቀይ ባሕር ስለሚገኙ ጥብቅ የባሕር ሥፍራዎች አጭር ጽሑፍ ካወጣን በኋላ ከልዩ ልዩ የጎጃም ከተሞች ደብዳቤዎች ደርሰውናል። ጽሑፉ በሱዳን የሚገኘውን የሰንጋነብ ብሔራዊ የባሕር ፓርክና በግብጽ የሚገኘውን ራስ መሐመድን ጠቅሶ በአጭሩ ያለፈ ስለ ነበር፣ አብዛኞቹ ጸሐፊዎች ከዚያ የሰፋ ማብራሪያ ይሻሉ። ተቀራራቢ የሆኑትን አንድ ላይ አድርገን ስድስት ጥያቄዎችን መርጠናል። በዚህ ዓምድ የሰፈሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ (የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር፣ ከደጀን)፦ «ስለ አለት ንብርብሮች ለማስተማር ተማሪዎቼን ይዤ ወደ ዓባይ ድልድይ በሚያወርደው መንገድ ዳር ሳለሁ፣ አንዲት ተማሪ ፈዘዝ ባለ ነጭ ድንጋይ ላይ ጨረር ያላቸው ክብ ክብ ምልክቶች አግኝታ አሳየችኝ። በአጠገባቸውም የቀንድ አውጣ ቅርፊት የሚመስሉ ነገሮች ተጣብቀው ነበር። ይህ አገር በአንድ ወቅት ባሕር ነበር ብዬ ብነግራቸው እውነት ይሆናል? ምልክቱስ በጽሑፋችሁ ያነሣችሁት ኮራል ሊሆን ይችላል?»

መልስ፦ እውነት ይሆናል፤ ጎጃም ውስጥም ይህን ለማስተማር ከደጀን ቁልቁለት የተሻለ ሥፍራ ማግኘት ያስቸግራል። መንገዱ ከከተማው ሲወርድ በመጀመሪያ የሚያልፈው በጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ማለትም በባዛልቱ መካከል ነው፤ ከእርሱ በታች የአሸዋ ድንጋይ፣ ከዚያም በመቶዎች ሜትር የሚለካ ውፍረት ያለው የኖራ ድንጋይ ተነባብሮ ይታያል፤ ወደ ወንዙ ሲቀርቡ ደግሞ የጂፕሰምና የሸክላማ ድንጋይ ንብርብር፣ በመጨረሻም ከሁሉም የሚያረጀው የአሸዋ ድንጋይ ይገኛል። የሥነ ምድር ባለሙያዎች አንታሎ ብለው የሚጠሩት የኖራ ድንጋይ የተከማቸው በጁራሲክ ዘመን፣ ከዛሬ 160 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ ጥልቀት የሌለው ሞቃት ባሕር የአፍሪካን ቀንድ ሰፊ ክፍል ሸፍኖ በነበረበት ጊዜ ነው። ባሕሩ ከሸሸ ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በኋላ፣ ማለትም ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ ከመሬት ውስጥ የፈለቀው እሳተ ገሞራ ያንን ሁሉ ሸፈነው፤ ምድሩም ከፍ ከፍ አለ፤ ዓባይም ሸለቆውን እየቆረጠ ሲወርድ የተሸፈነውን መልሶ ገለጠው።

ተማሪዋ ያገኘችውን ለመለየት ማጉያ መነጽር ይዛችሁ ጨረሮቹን ቁጠሩ። ድቡልቡል ሆኖ በላዩ ላይ አምስት ቅጠል የመሰለ ኮከብ ካለው የባሕር ጃርት የሚባለው እንስሳ ቅሪት ነው። ብዙ ትንንሽ ጽዋዎች ተጠጋግተው የተደረደሩበት፣ በእያንዳንዱም ጽዋ ውስጥ ከጠርዝ ወደ መሐል የሚሄዱ ቀጫጭን ግድግዳዎች ያሉበት ከሆነ ግን ኮራል ነው፤ የግድግዳዎቹም ብዛት አብዛኛውን ጊዜ የስድስት ብዜት ይሆናል። እያንዳንዱ ጽዋ የአንድ እንስሳ መኖሪያ ነበር። ዛሬ በቀይ ባሕር ሪፍ፣ ማለትም የባሕር ውስጥ አለት፣ የሚሠሩት ድንጋያማ ኮራሎች በጁራሲክ ባሕር ከነበሩት ጋር የአንድ ወገን ዘሮች ስለ ሆኑ፣ ተማሪዎችዎ በእጃቸው የያዙት ድንጋይ አሁን ስለ ሕይወቱ የምንጨነቅለት ፍጥረት የሩቅ ዘመድ ነው። ናሙና ስትወስዱ ግን ተፈንቅሎ የወደቀውን እንጂ ግድግዳውን በመዶሻ እየመታችሁ አታውጡ፤ ሌሎች ተማሪዎችም በየዓመቱ ወደዚያ ይመጣሉና።

ሕያው ኮራል ፖሊፕ የሚባል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ሚሊ ሜትር የማይበልጥ፣ ለስላሳ ገላና በአፉ ዙሪያ የሚንቀሳቀሱ ክንዶች ያሉት እንስሳ ነው። በባሕሩ ውኃ ውስጥ የሟሙ ማዕድናትን እየወሰደ ካልሲየም ካርቦኔት፣ ማለትም የኖራ ድንጋይ፣ ከበታቹ ያነጥፋል። በሺህ የሚቆጠሩ ፖሊፖች ተያይዘው ሲኖሩና የኋለኛው ትውልድ በቀዳሚው አጥንት ላይ ሲሠራ፣ በዘመናት ብዛት ሪፍ የምንለው የባሕር ውስጥ አለት ይፈጠራል። ሕያው ሪፎች ከውቅያኖስ ወለል የሚሸፍኑት ከ1 በመቶ ያነሰውን ቢሆንም፣ በባሕር ከሚኖሩት የታወቁ ዝርያዎች ሩብ ያህሉ በሕይወታቸው በአንድ ወቅት በእነርሱ ይጠለላሉ፤ የጥበቃው ክርክር ሁሉ መነሻም ይኸው ነው።

ጥያቄ (የ8ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከፍኖተ ሰላም)፦ «ጋሼ፣ ኮራል እንስሳ ከሆነ ምን ይበላል? ከቦታው ሳይንቀሳቀስስ እንዴት ይራባል?»

መልስ፦ ልጄ፣ ኮራል ምግቡን ከሁለት ወገን ያገኛል። ሌሊት ክንዶቹን ዘርግቶ፣ በዓይን ለማየት የሚያዳግቱ በውኃ ላይ ተንሳፋፊ ፍጥረታትን በሚናደፉ ሴሎቹ ይዞ ይበላል። ዋነኛው ምግቡ ግን ከገላው ውስጥ ይመጣል። በቆዳው ውስጥ አልጌ የሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ፍጥረታት ይኖራሉ፤ እነርሱም በትምህርት ቤት እንደ ተማርሽው ቅጠል እንደሚያደርገው ሁሉ በፀሐይ ብርሃን ስኳር ይሠራሉ፤ ኮራሉ ለሚያስፈልገው ጉልበት እስከ 90 በመቶ የሚደርሰውን የሚሰጡት እነርሱ ናቸው። በምላሹ ኮራሉ መጠለያና ለዕድገታቸው የሚሆን ንጥረ ነገር ይሰጣቸዋል። ሪፍ የሚሠሩ ኮራሎች ፀሐይ በሚደርስበት ጥርት ያለ ጥልቀት የሌለው ውኃ የሚወዱትም፣ ቀለማቸውንም በአብዛኛው የሚያገኙት በዚሁ በአልጌው ምክንያት ነው።

ስለ መራባታቸው ደግሞ፣ አንደኛው ፖሊፕ ራሱን እየከፈለ ሌላ ፖሊፕ ያወጣል። ከዚህም ሌላ ብዙ ዝርያዎች በዓመት አንድ ጊዜ፣ ጨረቃ ከሞላች ከጥቂት ሌሊቶች በኋላ፣ ዕንቁላላቸውንና የዘር ፈሳሻቸውን በአንድ ጊዜ ወደ ውኃው ይለቃሉ። በአውስትራሊያው ታላቁ ሪፍ ይህ የሚሆነው በአብዛኛው በኅዳር ወር አካባቢ ነው፤ ሮዝ ቀለም ያላቸው ድቡልቡል ቅንጣቶች ከሪፉ ላይ ተነሥተው ቀስ እያሉ ወደ ውኃው ገጽ ይወጣሉ። ከእነርሱ የሚፈለፈሉት ዕጮች ለቀናት ወይም ለሳምንታት በማዕበል ተንሳፍፈው ይቆዩና ጠንካራና ንጹሕ አለት ሲያገኙ ይጣበቃሉ። ዕድገታቸው አዝጋሚ ነው። ድቡልቡሎቹ በዓመት 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢያድጉ ነው፤ ቅርንጫፍ የሚያወጡት ግን ከዚያ በብዙ ይፈጥናሉ። አንድ መርከብ በግድየለሽነት የጣለው መልሕቅ በአንድ ደቂቃ የሚሰብረው የብዙ አሥርት ዓመታት ሥራ ነው የምንለው ለዚህ ነው።

ጥያቄ (ዓሣ አጥማጅ፣ ከባሕር ዳር)፦ «በጣና ላይ መረብ እየጣልኩ ቤተሰብ አስተዳድራለሁ። በክረምት ዓሣው ለመራባት ወደ ወንዝ በሚወጣበት ጊዜ በወንዙ አፍ እንዳናጠምድ ይነገረናል፤ እኛ ስንተው ግን ሌላው ሌሊት መጥቶ ያጠምዳል፤ እኛም በነዚያ ወራት የምንበላውን አጥተን እንቸገራለን። እናንተ ጭራሽ ማጥመድ የተከለከለበት የባሕር ሥፍራ አለ ብላችኋል። የዚያ አገር አጥማጆች ምን በልተው ያድራሉ? ክልከላው የጠቀመው እነርሱን ነው ወይስ ጎብኚውን?»

መልስ፦ ከደረሱን ጥያቄዎች ሁሉ ክብደት ያለው ይህ ነው፤ በስፋት እንመልሰዋለን።

በመጀመሪያ፣ ክልከላ አጥማጁን በቀጥታ የጠቀመበትን አንድ ሥፍራ እንጥቀስ። በሜክሲኮ ካቦ ፑልሞ የሚባል መንደር አለ። የመንደሩ ሰዎች ከትውልድ ትውልድ ዓሣ አጥማጆች ነበሩ፤ ሪፋቸው በማጥመድ ብዛት ሲራቆት ግን ባሕሩ እንዲከለል ራሳቸው ጠየቁ፤ መንግሥትም በ1995 ብሔራዊ ፓርክ አድርጎ አወጀው። የፓርኩ ስፋት 71 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ ሕጉ ማጥመድን የከለከለው በከፊሉ ላይ ብቻ ቢሆንም፣ ነዋሪዎቹ በስምምነት በሙሉው ላይ ተዉት፤ ጥበቃውንም ራሳቸው ያዙት። በ1999 እና በ2009 የተካሄዱት ቆጠራዎች ሲነጻጸሩ የዓሣው ጠቅላላ ክብደት ከአምስት እጥፍ በላይ አድጎ ተገኘ፤ እንደ ሻርክና ግሩፐር ያሉ ትልልቅ አዳኞች የጨመሩት ደግሞ ከዚያም በላይ ነበር። የመንደሩ ሰዎች ዛሬ በአብዛኛው የሚተዳደሩት ጠላቂ ጎብኚዎችን በማስተናገድ ነው። ስለዚህ በዚያ መንደር ጎብኚውና አጥማጁ ተጠቃሚነትን አልተሻሙም፤ መንደሩ ግን ትንሽ እንደ ነበረ፣ ቱሪስትም ሊደርስበት በሚችል ዳርቻ ላይ እንደሚገኝ መዘንጋት አይገባም። ይህ ዕድል ለሁሉም አጥማጅ አይገጥምም።

ማጥመድን ለቀጠለው ሰው የሚበጀው ማስረጃ የሚገኘው በአውስትራሊያ ነው። ታላቁ ሪፍ ከ2,300 ኪሎ ሜትር በላይ የሚዘረጋ ሲሆን፣ በ1975 በወጣ ሕግ ፓርክ ተደርጎ፣ በ1981 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እስከ 2004 ድረስ ማጥመድ ፈጽሞ የተከለከለው ከፓርኩ ከ5 በመቶ ባነሰው ላይ ነበር፤ በዚያ ዓመት ወደ 33 በመቶ ከፍ ተደረገ፤ ሥራቸው ለተጓደለባቸው አጥማጆችና ከእነርሱ ጋር የተያያዙ ነጋዴዎችም መንግሥት ካሣ ከፈለ። ከዚያ በኋላ በኬፔል ደሴቶች አካባቢ ተመራማሪዎች የትንንሾቹን ዓሦች ዘር በዘረመል ምርመራ ወደ ወላጆቻቸው ሲመልሱ፣ ከአካባቢው ሪፍ 28 በመቶ ብቻ የሚሆነው የተከለለ ክፍል፣ በዙሪያው ከተገኙት የሁለት ዋና ዋና ዝርያዎች ጫጩቶች ግማሽ ያህሉን እንደ ወለደ ደረሱበት። ምክንያቱም ግልጽ ነው፦ በተከለለው ውስጥ ዓሣው እስኪያረጅና እስኪገዝፍ ይኖራል፤ አንዲት ትልቅ እናት ደግሞ ከብዙ ትንንሽ እናቶች የበለጠ ዕንቁላል ትጥላለች፤ ዕጩም ድንበር ሳያግደው በማዕበል እየተወሰደ ሌላው ሰው በሚያጠምድበት ሪፍ ላይ ያርፋል። በየደብሩ ዙሪያ ያለው የቤተ ክርስቲያን ደን ለአካባቢው ማሳና ቁጥቋጦ ዘር፣ ወፍና ንብ እንደሚሰጠው ማለት ነው።

ይህን ካልን በኋላ ስለ እርስዎ ቅሬታ። ክልከላ የሚከሽፍባቸውን ሥፍራዎች የምናውቃቸው በሁለት ነገር ነው፦ አንደኛ፣ ጠባቂም ቅጣትም ሳይመደብ ካርታ ላይ ብቻ የተሰመሩ ናቸው፤ ሁለተኛ፣ ሕጉን የሚያከብረው ሰው ይጎዳባቸዋል፤ የሚጥሰው ያተርፍባቸዋል። እርስዎ የጻፉት ሁለተኛውን ነው። በእኛ እምነት፣ አጥማጅን ለወራት መረብህን ስቀል ብሎ በእነዚያ ወራት ስለሚበላው አለማሰብ ትክክል አይደለም፤ ለጥበቃውም ጠላት ያፈራለታል።

ሆኖም በጣና ያለው የወንዝ አፍ ክልከላ በራሱ ከንቱ አይደለም። በእናንተ ሐይቅ ያሉት፣ ነጭ ዓሣ እያላችሁ የምታወጧቸው 15 ያህል የባርበስ ዝርያዎች በዓለም ላይ በሌላ ሐይቅ አይገኙም። ከእነርሱም ብዙዎቹ በክረምት ዕንቁላላቸውን ለመጣል እንደ ጉማራ ባሉ ገባር ወንዞች አፍ ላይ ይሰባሰባሉ። ዓሣ በአንድ ቦታና በአንድ ወቅት ሲሰበሰብ ለመረብ እጅግ ይመቻል፤ በዚያች ሳምንት የሚወጣው ዓሣ ደግሞ ገና ያልወለደው ነው። በካሪቢያን ባሕር ናሳው ግሩፐር የሚባለው የሪፍ ዓሣ የደረሰበት ይኸው ነው። በክረምታቸው ጨረቃ ስትሞላ በሺዎች እየተሰበሰበ ዕንቁላል ይጥል ነበር፤ አጥማጆችም ቦታውንና ሌሊቱን ያውቁት ስለ ነበር መንጋው ከብዙ ሥፍራ ጠፋ። ቤሊዝ በ2003 ከእነዚህ መሰብሰቢያዎች 11ዱን ዘጋች፤ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ባሉት ወራትም ይህን ዓሣ ማጥመድ ከለከለች። ስለዚህ ከባሕሩ ተሞክሮ ለጣና የሚቀርበው ሐይቁን መዝጋት ሳይሆን መሰብሰቢያውን በወቅቱ መዝጋት ነው፤ ጥበቃውም እንደ ካቦ ፑልሞ በአጥማጆቹ በራሳቸው እጅ ቢሆንና በእነዚያ ወራት ሌላ ሥራ ወይም ድጎማ ቢኖር ሌሊት የሚመጣውን ሰው ለመከልከል የሚቆም ይገኛል። ማኅበራችሁ ይህን ጥያቄ በጽሑፍ አንሥቶ ለሚመለከታቸው ቢያቀርብ መልካም ነው፤ ጣና ከ2015 ጀምሮ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት የተመዘገበ ስለ ሆነና የዚህ ዓይነት ምዝገባ የነዋሪውን ኑሮ ከጥበቃው ጋር ማስማማትን ስለሚጠይቅ፣ ጥያቄያችሁ መሠረት ያለው ነው።

ጥያቄ (የጤና ባለሙያ፣ ከደብረ ማርቆስ)፦ «የአውስትራሊያው ሪፍ ያን ያህል ሕግና ገንዘብ እያለው በተደጋጋሚ እየነጣ ነው ሲባል በዜና እሰማለሁ። ከተጠበቀ ለምን ይሞታል? ጥበቃው ካላዳነውስ ምን ይሠራል?»

መልስ፦ የሚገድለው ሙቀት ስለ ሆነ ነው፤ ሙቀት ደግሞ የፓርክ ወሰን አያቆመውም። የባሕሩ ውኃ በዓመቱ ሞቃት ወር ከለመደው መጠን በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ብቻ ከፍ ብሎ ለጥቂት ሳምንታት ሲቆይ፣ በኮራሉ ገላ ውስጥ ያለው አልጌ ሥራው ይዛባና ኮራሉን የሚመርዝ ነገር ማመንጨት ይጀምራል፤ ኮራሉም አልጌውን ያስወጣዋል። ያን ጊዜ ሥጋው ብርሃን የሚያሳልፍ ሆኖ ይቀርና ከሥሩ ያለው ነጭ አጥንት ይታያል። የነጣው ኮራል ገና አልሞተም። ውኃው ቶሎ ከቀዘቀዘ አልጌው ተመልሶ ኮራሉ ያገግማል፤ ካልቀዘቀዘ ግን በረኀብና በበሽታ ያልቃል።

ዓለም አቀፍ ስፋት ያለው የኮራል መንጣት በ1998፣ በ2010፣ ከ2014 እስከ 2017፣ ከዚያም ከ2023 ጀምሮ ደርሷል። ታላቁ ሪፍ በ2016 ብቻ፣ ጥልቀት በሌለው ውኃ ካሉት ኮራሎቹ 30 በመቶ ያህሉን በዘጠኝ ወራት ውስጥ አጥቷል፤ ከዚያም በ2017፣ በ2020፣ በ2022 እና በ2024 በሰፊው ነጥቷል። በ2023 በጀመረው አራተኛው ክስተት፣ ከዓለም ሪፎች 84 በመቶ የሚሆኑት ለመንጣት የሚያበቃ ሙቀት ደርሶባቸዋል። የአየር ንብረት ለውጥን የሚያጠናው የተባበሩት መንግሥታት የባለሙያዎች ጉባኤ በ2018 ባወጣው ዘገባ፣ የዓለም ሙቀት በ1.5 ዲግሪ ቢጨምር ከ70 እስከ 90 በመቶ የሚሆነው ኮራል፣ በ2 ዲግሪ ቢጨምር ደግሞ ከ99 በመቶ በላይ የሚሆነው ሊጠፋ እንደሚችል አስታውቋል። ወደ ከባቢ አየር የሚለቀቀው የካርቦን ጋዝ ሳይቀንስ በፓርክ ብቻ ኮራልን እናድናለን የሚል ሰው ሕዝብን ያሳስታል።

በዚህ ረገድ ከሁሉ ይልቅ አስተማሪ ሆኖ ያገኘነው የሲሸልስ ታሪክ ነው። በ1998 ሙቀት በዚያ አገር ውስጠኛ ደሴቶች ዙሪያ ከነበረው ሕያው ኮራል ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ሞተ። ተመራማሪዎች 21 ሪፎችን ለብዙ ዓመታት ሲከታተሉ 12ቱ አገገሙ፤ 9ኙ ግን በኮራሉ ገላ ውስጥ ከሚኖረው በተለየ፣ በአለቱ ላይ በሚበቅል አልጌ ተውጠው ቀሩ። ያገገሙት ጥልቀት ባለው ውኃ ያሉት፣ ቅርጻቸው ውስብስብ የሆነ፣ አልጌ የሚግጡ ዓሦች የሚበዙባቸውና ከየብስ የሚታጠብ ንጥረ ነገር የማያጥለቀልቃቸው ነበሩ። ሪፉ ማጥመድ ከተከለከለበት ክልል ውስጥ መሆኑ ወይም አለመሆኑ ግን በራሱ ልዩነት አላመጣም። ይህን ውጤት የጥበቃ ወዳጆች ነን የምንል ሰዎች ልንሸሸው አይገባም። የሚለው ነገር ወሰን ማስመር ብቻውን አይበቃም ነው፤ አልጌ የሚግጠው ዓሣ እንዳይመናመን፣ ከየብስ የሚመጣው ቆሻሻ እንዲቀንስ ማድረግ ግን ይጠቅማል ማለቱም ነው፤ እነዚህ ደግሞ የሰው እጅ የሚደርስባቸው ሥራዎች ናቸው። ቤሊዝ በ2009 በቀቀን ዓሣ የሚባለውንና መሰሎቹን ማጥመድ የከለከለችው በዚህ ምክንያት ነው። ያ ዓሣ በጠንካራ መንጋጋው ከአለቱ ላይ አልጌውን ይፍቃል፤ አብሮ የዋጠውንም ድንጋይ ፈጭቶ ነጭ አሸዋ አድርጎ ያወጣዋል፤ የተፋቀው ቦታም ለአዲስ የኮራል ዕጭ ማረፊያ ይሆናል።

ስለ ቀይ ባሕር ደግሞ የተለየ ነገር አለ። በሰሜኑ ክፍል፣ በተለይ በአቃባ ባሕረ ሰላጤ ያሉት ኮራሎች ከለመዱት ሙቀት በብዙ ቢያልፍ እንኳ ሌሎቹ በሚነጡበት መጠን ሳይነጡ ይቆያሉ። ለዚህ የሚሰጠው ማብራሪያ፣ ከመጨረሻው የበረዶ ዘመን በኋላ ወደ ቀይ ባሕር የገቡት ኮራሎች በደቡባዊው መግቢያ፣ በባብ ኤል መንደብ ጠባብ የባሕር መተላለፊያ በኩል እጅግ ሞቃት የሆነውን ደቡባዊ ክፍል አልፈው ስለ መጡ ሙቀት የማይችሉት በመንገድ ቀርተዋል የሚል ነው። ይህ ጸጋ ፍጹም አይደለም፤ በደቡባዊ የግብጽ ዳርቻ በቅርብ ዓመታት መንጣት ታይቷል። ሆኖም ሌላው ዓለም ኮራሉን እያጣ በሚሄድበት ጊዜ የሚተርፍ ሪፍ ካለ ከእነዚህ መካከል ሊሆን ይችላልና፣ በ1983 የተከለለው ራስ መሐመድና በ2016 ከዱንጎናብ ባሕረ ሰላጤ ጋር በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ሰንጋነብ ከዘይት መፍሰስ፣ ከመልሕቅና ከልክ ካለፈ ማጥመድ መጠበቃቸው ለሰው ልጅ ሁሉ የሚተርፍ ጉዳይ ነው። ዱንጎናብ የባሕር ሣር እየጋጠ የሚኖረው ዱጎንግ የተባለው አጥቢ እንስሳ መኖሪያም ነው።

ጥያቄ (የግብርና ልማት ባለሙያ፣ ከቡሬ)፦ «ሪፍን የሚጎዳው አንዱ ነገር ከየብስ የሚታጠብ አፈር መሆኑን ጽፋችኋል። ከጎጃም በየክረምቱ የሚጠረገው አፈር ኮራል ወዳለበት ባሕር ይደርሳል?»

መልስ፦ አይደርስም። ዓባይ የጎጃምን አፈር ይዞ ወደ ምዕራብ ይወርድና በሱዳንና በግብጽ አልፎ ወደ ሜዲትራኒያን ያቀናል፤ ደለሉም በአብዛኛው በመንገድ በግድቦች ይቀራል፤ በሜዲትራኒያንም እንደ ቀይ ባሕር ያለ የሞቃት ባሕር የኮራል ሪፍ የለም። እንዲያውም ነገሩን ገልብጠው ቢመለከቱት ይበልጥ ይደንቃል። ደጋው ወደ ምዕራብ የተዳፋ በመሆኑ ተከዜም ዓባይም ጀርባቸውን ለቀይ ባሕር ሰጥተው ይሄዳሉ፤ አዋሽ ወደ ምሥራቅ ቢወርድም አፋር ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። በዚህም የተነሣ ቀይ ባሕር ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ አይገባበትም። ጨዋማነቱ ከሌሎች ባሕሮች የሚበልጠውም፣ ውኃው ለኮራል የሚስማማ ጥርት ያለ የሆነውም በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ትልቅ ወንዝ በሚፈስበት የባሕር ዳርቻ ሪፍ አይበቅልም ማለት ይቻላል፤ ጨው አልባው ውኃ ኮራሉን ይጎዳዋል፤ ደለሉ ብርሃኑን ይጋርደዋል፤ በፖሊፑም ላይ ተነጥፎ ያፍነዋል።

በሙያዎ የሚጠቅምዎ ሌላው ነገር ማዳበሪያው ነው። በአውስትራሊያ ከሸንኮራ አገዳ እርሻዎችና ከግጦሽ መሬቶች እየታጠበ ወደ ታላቁ ሪፍ የሚገባው ናይትሮጅንና ደለል ከዋና ዋናዎቹ የሪፉ ችግሮች አንዱ ነው፤ አልጌን ከማብዛቱም በላይ፣ ኮራል እየበላ የሚኖረው ባለ እሾኹ የባሕር ኮከብ ዕጮች እንዲበረክቱ ያግዛል ተብሎ ይታመናል። በዚህ ምክንያት የአገሪቱ የሪፍ ጥበቃ ገንዘብ ከፊሉ ለባሕሩ ሳይሆን ለገበሬው ይውላል፤ ማዳበሪያ በልኩ እንዲጨምር፣ የወንዝ ዳር እንዲያገግም፣ ቦረቦሩ እንዲደፈን። እርስዎ በተፋሰስ ሥራ የሚሠሩት እርከንና የሣር መስመር ቀይ ባሕርን አይመለከትም፤ ሥራዎ በግልገል ዓባይ ተፋሰስ ከሆነ ግን ጣናን ይመለከታል። ከ2011 ጀምሮ በሐይቁ ላይ የተስፋፋው እንቦጭ የሚፋፋው ከማሳ በሚታጠብ ንጥረ ነገር ነው፤ ዕንቁላል የሚጥለው ነጭ ዓሣም ጠጠሩ በደለል ያልተሸፈነ ንጹሕ የወንዝ ወለል ይፈልጋል።

ጥያቄ (የከባድ መኪና ሹፌር፣ ከእንጅባራ)፦ «ወደ ጅቡቲ ወደብ እመላለሳለሁ። ለቤት ጌጥ ብለው ኮራልና የባሕር ኤሊ ቅርፊት የሚሸጡ አሉ። ብገዛ ጥፋት አለው? ባሕሩን ማየት ብፈልግስ ወዴት ልሂድ?»

መልስ፦ አይግዙ። የዱር እንስሳትና ዕፀዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ የሚቆጣጠረውን ሳይቲስ የተባለውን ስምምነት ኢትዮጵያ በ1989 ተቀብላለች። በስምምነቱ መሠረት ድንጋያማ ኮራልን ከአገር አገር ለማዘዋወር ከሚወጣበት አገር የተሰጠ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የባሕር ኤሊ ቅርፊት ንግድ ደግሞ ጭራሽ የተከለከለ ነው። በኬላ ቢያዝብዎ ዕቃውን ከማጣት ያለፈ ጣጣ ያመጣብዎታል። ለጌጥ የሚሸጠው ነጭ ኮራልም ሕያው ሆኖ ከተነቀለ በኋላ ሥጋው እንዲበሰብስ ተደርጎ የታጠበ አጥንት መሆኑን ይወቁ።

ለማየት ከሆነ ከጅቡቲ ከተማ በጀልባ የሚደረስባቸው የሙሻና የማስካሊ ደሴቶች በዙሪያቸው ሪፍ አላቸው፤ ጥበቃ የተደረገላቸውም ከብዙ ዓመታት በፊት ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ከተገኙ ደግሞ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ፣ በአርታ ዳርቻ አካባቢ፣ ከዓሣ ሁሉ ግዙፍ የሆነው ዌል ሻርክ ለመመገብ ይመጣል። ሰው አይነካም፤ የሚበላው ጥቃቅን ተንሳፋፊ ፍጥረታትን ነው፤ በጀልባ ሞተር ግን ይቆስላል። ጀልባ ሲከራዩ ሁለት ነገር አስቀድመው ይስማሙ፦ ባለ ጀልባው ዓሣው ባለበት አካባቢ ፍጥነቱን እንዲቀንስና ከፊቱ እንዳይቆርጥበት፤ በደሴቶቹም ዳር መልሕቁን በአሸዋ ላይ እንጂ በኮራሉ ላይ እንዳይጥል። ወደ ውኃው ከገቡ በሪፉ ላይ አይቁሙ፤ ዋና የማይችሉ ከሆነም ውኃው ሲጎድል ከዳርቻው ቆመው ጥልቀት በሌለው ቦታ ብዙውን ማየት ይቻላል።